የገመዱ ራስ

[ሳሎን። ግማሹ ሳሎን ነው፣ ግማሹ የሶፋ መጠገኛ። ሆዱ የተቀደደ ባለ ሦስት ሰው ሶፋ መሀል ላይ ተጋድሟል፤ ስፖንጁ በየጥጉ ተከምሯል። ጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ተከፍቷል። ከላፕቶፑ የወጣ ግራጫ ገመድ ወለሉን አቋርጦ፣ በሶፋው እግር ስር ሾልኮ፣ ራውተሩ ወዳለበት ኮሪደር ይሄዳል። የቤቱ ባለቤት ሶፋ ሠሪ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያጎነበሱት እንግዳ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በቢሮ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ቤተሰቡ «ሊቁ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙ የሙገሳ መስሏቸው ይወዱታል። ከጠዋት ጀምሮ ኢንተርኔቱ ለምን እንደቀረፈፈ እየመረመሩ ነው።]

ሊቁ፦ እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ራሱ የትኛው ነው?

ሶፋ ሠሪ፦ የማን ራስ፣ ጋሼ?

ሊቁ፦ የገመዱ ነዋ። ገመድ ራስ አለው፣ ጭራ አለው። ኢንተርኔት በራሱ ገብቶ በጭራው ይወጣል። አንተ ገልብጠህ ሰክተኸዋል።

ሶፋ ሠሪ፦ ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ነው እኮ።

ሊቁ፦ መንታ ልጆችም አንድ ዓይነት ናቸው። ግን አንዱ ታላቅ ነው።

ሶፋ ሠሪ፦ [ጫፉን ነቅሎ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ] ታላቁ በምን ይታወቃል?

ሊቁ፦ በልምድ።

ሶፋ ሠሪ፦ እንግዲያው ታላቁ ይሄኛው ነው መሰለኝ። ሸብቷል።

ሊቁ፦ አቧራ ነው እሱ። መልሰህ ሰካውና ሄደህ በዚያ በኩል ገልብጠው።

[ሶፋ ሠሪው ወደ ኮሪደሩ ይወጣል። ጥቂት ቆይቶ እጁን እያራገፈ ይመለሳል።]

ሶፋ ሠሪ፦ ገለበጥኩት።

ሊቁ፦ ሳትነቅለው እንዴት ገለበጥከው? ይሄኛው ጫፍ እንዳለ እዚሁ ነው።

ሶፋ ሠሪ፦ በጀርባው ተኝቶ ነበር። አሁን በደረቱ አስተኛሁት።

[ሊቁ መነጽራቸውን ለማውለቅ እጃቸውን ወደ ፊታቸው ያነሳሉ። መነጽሩ የለም፤ ቤታቸው ረስተውታል። ስለዚህ ዓይናቸውን ብቻ ያሻሉ።]

ሊቁ፦ ስማኝ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ልጅህ ቃለ መጠይቅ አለባት። ሰዎቹ ድምጿ እየተቆራረጠ ከሰሟት፣ ፊቷ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ከቀረ፣ ሥራው አለቀለት። ስንት ጊዜ ስትፈልግ የኖረችው ሥራ ነው። ልጅቷን ሂሳብ ያስጠናኋት እኔ ነኝ፤ ዛሬ በገመድ ምክንያት ስትወድቅ ቁጭ ብዬ አላይም።

ሶፋ ሠሪ፦ [ድምፁን ቀንሶ] አውቃለሁ ጋሼ። እኔም እንድትወድቅ አልፈልግም።

ሊቁ፦ እሺ። የፍጥነት መለኪያውን ክፈት።

ሶፋ ሠሪ፦ ከፍቼዋለሁ። እየዞረ ነው።

ሊቁ፦ ምኑ?

ሶፋ ሠሪ፦ ክቡ ነገር። አሳምሮ እየሠራ ነው።

ሊቁ፦ መዞሩ እኮ ነው በሽታው። እየዞረ ነው ማለት አልሠራም ማለት ነው።

ሶፋ ሠሪ፦ የኔ ስፌት መኪና ካልዞረ አይሠራም።

ሊቁ፦ ስፌት መኪናህን ከዚህ ነገር አውጣት። ቁጥር መጣ?

ሶፋ ሠሪ፦ መጣ። ዜሮ።

ሊቁ፦ ዜሮ ብቻ?

ሶፋ ሠሪ፦ ዜሮ ነጥብ... ነጥቡ ላይ ቆሟል። ቆይ። አራት። ዜሮ ነጥብ አራት።

ሊቁ፦ ይሄ ኢንተርኔት አይባልም። ይሄ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነው።

ሶፋ ሠሪ፦ እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ።

ሊቁ፦ እንቁላል ስምንት ሰዓት ላይ ቃለ መጠይቅ የለበትም። ዋይፋዩን አጥፋው። ላፕቶፑ በገመዱ ልሂድ በዋይፋዩ ልሂድ እያለ ልቡ ተከፍሏል።

ሶፋ ሠሪ፦ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ሲሉ ሰምቼ ነበር።

ሊቁ፦ እሱ ለጎጆ ነው። አጥፋው።

[ሶፋ ሠሪው የላፕቶፑን ዋይፋይ ያጠፋል። ቁጥሩ ያው ነው። ሊቁ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በስፖንጁ መሀል ይመላለሳሉ።]

ሊቁ፦ እንግዲህ የሁሉም መድኃኒት አንድ ነው። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት።

[ወደ ኮሪደሩ ይራመዳሉ። ሶፋ ሠሪው በዕድሜው በማይጠበቅ ፍጥነት ቀድሟቸው በሩ ላይ ይደርሳል።]

ሶፋ ሠሪ፦ እርስዎ ይቀመጡ፣ ጋሼ። በዚያ በኩል ምስማር በትኛለሁ፤ እግርዎን ይወጋዎታል። እኔ ልሂድ።

ሊቁ፦ ራውተሩን ታውቀዋለህ?

ሶፋ ሠሪ፦ ቤቴ ውስጥ ያለ ነገር እንዴት አላውቅም?

ሊቁ፦ አጥፋ፣ እስከ ሠላሳ ቁጠር፣ አብራ። መብራቶቹንም እያቸው። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው። ብርቱካን ካለ ግን ጥራኝ።

[ይወጣል። ይመለሳል።]

ሊቁ፦ አጠፋኸው?

ሶፋ ሠሪ፦ አጠፋሁ።

ሊቁ፦ መብራቶቹስ?

ሶፋ ሠሪ፦ አይታዩም፤ ጨለማ ነው።

ሊቁ፦ በጠራራ ፀሐይ የምን ጨለማ?

ሶፋ ሠሪ፦ የኮሪደሩን መብራት አጥፋ አሉኝ፣ አጠፋሁ። ኮሪደሩ መስኮት የለውም።

ሊቁ፦ ራውተሩን ነው ያልኩህ።

ሶፋ ሠሪ፦ ራውተሩን በጨለማ እንዴት ላግኘው፣ ጋሼ?

[ሊቁ ለመመለስ አፋቸውን ይከፍታሉ። ነገሩ ስህተት እንደሆነ ያውቃሉ፤ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ጠፋባቸው። በእጃቸው ብቻ «ሂድ» ይሉታል። በዚህኛው ዙር ሶፋ ሠሪው ረዘም አድርጎ ይቆያል።]

ሶፋ ሠሪ፦ አሁን በትክክል አጠፋሁት። ድምፁ ራሱ ጸጥ አለ።

ሊቁ፦ ራውተር ድምፅ የለውም።

ሶፋ ሠሪ፦ የኛው ያንጎራጉራል።

ሊቁ፦ መልኩ ምን ዓይነት ነው?

ሶፋ ሠሪ፦ ነጭ ነው። ቁመቱ እዚህ ድረስ ነው። [ደረቱን ያሳያል።]

ሊቁ፦ አንተ ሰው፣ ፍሪጁን ነው ያጠፋኸው።

ሶፋ ሠሪ፦ ብርቱካን ካለ ጥራኝ ብለው አልነበር? ከፍቼ አየሁ። ሁለት አለ።

[ሊቁ ሶፋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። ስፕሪንግ ይወጋቸውና ይነሳሉ። በዚህ መሀል ከውስጠኛው ክፍል የልጅቷ ድምፅ ይሰማል። ቃላቱ አይለዩም፤ ግን ረጋ ብላ፣ ተራ በተራ ነገር እንደምታስረዳ ያስታውቃል። ሊቁ ጆሯቸውን ይቀስራሉ።]

ሊቁ፦ ከማን ጋር ነው የምታወራው?

ሶፋ ሠሪ፦ ከመስታወት ጋር።

ሊቁ፦ ከምን?

ሶፋ ሠሪ፦ ልምምድ ነው፣ ጋሼ። መስታወቱ ይጠይቃታል፣ እሷ ትመልሳለች።

ሊቁ፦ መስታወት ምን ጥያቄ ያውቃል? የሚጠይቃት ሰው ነው የሚያስፈልጋት። ልግባና ላፋጥጣት። ሰው ፊት መደንገጥን ዛሬ ከኔ ብትለምደው ይሻላታል።

[ሁለት እርምጃ ይሄዳሉ። ሶፋ ሠሪው ላፕቶፑ ላይ ዘሎ ይደፋል።]

ሶፋ ሠሪ፦ ጋሼ፣ ይምጡ፣ ይምጡ። ቁጥሩ ወረደ። ዜሮ ነጥብ ሦስት ሆነ። እርስዎ ሲርቁ ይወርዳል መሰለኝ።

ሊቁ፦ [በግርምት ተመልሰው] እኔ ስርቅ?

ሶፋ ሠሪ፦ እንግዲህ አላውቅም። ይኸው አሁን አራት ሆነ።

[ሊቁ ይህን ነገር በሳይንስ እንደማይቀበሉት ያስረዳሉ። ካስረዱ በኋላ ግን ከላፕቶፑ አጠገብ አይርቁም። ስልካቸውን አውጥተው ወደ ኢንተርኔት ድርጅቱ የደንበኞች መስመር ይደውላሉ። መጀመሪያ ሙዚቃ ያዳምጣሉ፤ ሙዚቃው ሲደጋገም ሶፋ ሠሪው በመዶሻው ጫፍ ምቱን ይመታል። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ታነሳለች። ሊቁ ስንት ዘመን ቢሮ እንደሠሩ ይነግሯታል። ገመዱ ተሰክቷል ወይ ብላ ስትጠይቃቸው በሰው ዕውቀት እንዳትቀልድ ይመክሯታል፤ ከዚያም ስለ ገመድ ራስና ጭራ ያስተምሯታል። እሷ ዝም ብላ ታዳምጣለች፤ ሲጨርሱ አንድ ነገር ትላቸዋለች። ሊቁ አመስግነው፣ ግን በቅሬታ፣ ስልኩን ይዘጋሉ።]

ሶፋ ሠሪ፦ ምን አለች?

ሊቁ፦ ገመዱን በሌላ ገመድ ቀይሩት አለች።

ሶፋ ሠሪ፦ [ደንገጥ ብሎ] እርስዎስ?

ሊቁ፦ የገመድ ችግር አይደለም አልኳት።

ሶፋ ሠሪ፦ [በረጅሙ ተንፍሶ] ደግ አደረጉ፣ ጋሼ። እሷ የኛን ገመድ የት ታውቀዋለች?

ሊቁ፦ የዛሬ ልጆች ነገሩን ሳይመረምሩ ቀይሩ፣ ጣሉ፣ አዲስ ግዙ ነው። እስቲ ገመዱን እንከተለው።

[ሊቁ በእንብርክካቸው ወርደው ገመዱን በጣታቸው እየዳሰሱ ይከተላሉ። ሶፋው ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። የሶፋው እግር ገመዱ ላይ ተቀምጧል። ቀና ሲሉ ፊታቸው በርቷል።]

ሊቁ፦ ና እይ። ይኸውልህ። ታንቋል።

ሶፋ ሠሪ፦ ማን?

ሊቁ፦ ኢንተርኔቱ። ሶፋህ ጉሮሮው ላይ ቆሞበታል። የውሃ ጎማ ብትረግጥ ውሃው ያልፋል?

ሶፋ ሠሪ፦ አያልፍም።

ሊቁ፦ በቃ። አንሳው።

ሶፋ ሠሪ፦ ባነሳው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እኔ ሶፋውን ከያዝኩ ቁጥሩን ማን ያነባል? እርስዎ መነጽርዎን ረስተዋል።

[ሊቁ ያስባሉ። ክርክሩ ቀዳዳ የለውም። እጅጌያቸውን ሰብስበው ሶፋውን በአንድ ጎኑ ያነሳሉ።]

ሊቁ፦ እህ... አሁንስ?

ሶፋ ሠሪ፦ ቆይ። እየዞረ ነው። ዜሮ ነጥብ አምስት።

ሊቁ፦ አላልኩህም?

ሶፋ ሠሪ፦ እርስዎ እኮ ሌላ ነዎት። ትንሽ ከፍ ቢያደርጉት?

ሊቁ፦ [ከፍ አድርገው፣ እያማጡ] ይሄው።

ሶፋ ሠሪ፦ ስድስት። ወደ መስኮቱ ዘንበል። ሰባት። እንዳያወርዱት ጋሼ፣ አሁን ካወረዱት የተጠራቀመው ሁሉ ተመልሶ ይሄዳል።

ሊቁ፦ ስር የሚገባ ድንጋይ ነገር አምጣ እንጂ።

ሶፋ ሠሪ፦ ድንጋይ ይከብደዋል። የሰው እጅ ነው የሚያውቀው።

[ሶፋ ሠሪው ወንበር ስቦ ላፕቶፑ ፊት ይቀመጣል። ሊቁ ሶፋውን እንደያዙ ቆመዋል፤ አንገታቸው ላይ ሥር ተገትሯል። ሶፋ ሠሪው አልፎ አልፎ ቁጥር ይጠራል። የሚጠራው ቁጥርና ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አይገናኙም። የውስጠኛው በር ይከፈታል። ልጅቷ ትገባለች። ከወገቧ በላይ የቢሮ ኮትና በደንብ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሳለች፤ ከወገቧ በታች የቤት ሱሪና ነጠላ ጫማ ነው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ፊቷ ግን ይስቃል።]

ልጅቷ፦ አባዬ፣ ተቀበሉኝ። ሰኞ ጀምሪ አሉኝ።

[ሶፋ ሠሪው ይነሳል። ሄዶ ልጁን አቅፎ ግንባሯን ይስማል፤ ኮቷ ላይ የስፖንጅ ብናኝ ይቀራል። ሊቁ ሶፋውን እንደያዙ ናቸው።]

ሊቁ፦ ምኑን ነው የተቀበሉሽ? ስምንት ሰዓት ገና ነው እኮ።

ልጅቷ፦ አሁን ጨረስኩ፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ በምን ኢንተርኔት? እኔ ገና ሰባት ላይ ነው ያደረስኩት። ዜሮ ነጥብ ሰባት።

[ልጅቷ አባቷን ታያለች። አባት ወለሉን ያያል።]

ሶፋ ሠሪ፦ ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። ቃለ መጠይቁ ጠዋት ነበር፤ ስምንት ሰዓት ነው ብዬ የዋሸሁዎት እኔ ነኝ። እርስዎ ሳይታሰብ ከደጅ ሲገቡ፣ ይሄን የእናቷን አሮጌ ላፕቶፕ ቶሎ ብዬ አወጣሁና ኢንተርኔቱ ቀርፍፏል አልኩዎት። የሷ ላፕቶፕ ያለው ውስጠኛው ክፍል ነው። ደህናው ገመድም የተሰካው እዚያ ነው።

ሊቁ፦ ይሄስ ገመድ?

ሶፋ ሠሪ፦ ይሄ ስፖንጅ የማስርበት ነው። መሀሉን አይጥ በልታው ትንሽ ነው የተረፈው።

ሊቁ፦ ታዲያ ፍሪጁ? ብርቱካኑ?

ሶፋ ሠሪ፦ ራውተሩን ባጠፋው የሷም ይቋረጥ ነበር። ምን ላድርግ? አንድ ነገር አጥፍቼ መመለስ ነበረብኝ።

[ሊቁ ቀኑን ወደ ኋላ እያሰቡት እንደሆነ ከፊታቸው ይነበባል፤ በየደረሱበት አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።]

ሊቁ፦ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። እኔን ሞኝ አድርጋችሁ አዋላችሁኝ።

ሶፋ ሠሪ፦ ሞኙ እኔ ነበርኩ እኮ፣ ጋሼ። ከጠዋት ጀምሮ ሲነግሩኝ ነው የዋሉት።

ሊቁ፦ ለምን? እኔ ለልጅቷ ክፉ አስባለሁ?

ልጅቷ፦ ኧረ በፍጹም። ግን ያለፈውን ቃለ መጠይቅ ያስታውሱታል? አጠገቤ ተቀምጠው። ሰውየው ድክመትሽ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ገና አፌን ሳልከፍት አንገትዎን አስገብተው...

ሊቁ፦ «ችኩል ናት» አልኩ። እውነት ነው እኮ።

ልጅቷ፦ ከዚያ ድርጅታቸው እንዴት መተዳደር እንዳለበት አስረዷቸው። መልስ ሲጽፉልኝ፣ ሥራውን ባገኝ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውም አብረውኝ ይመጡ እንደሆነ ነው የጠየቁኝ።

[ሊቁ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። የተከፉ ይመስላሉ፤ ግን ከመከፋታቸው ይልቅ የቃለ መጠይቁ ነገር አላስቀምጥ ብሏቸዋል።]

ሊቁ፦ ለመሆኑ የዛሬዎቹ ምን ጠየቁሽ?

ልጅቷ፦ ሥራው በስልክ ደንበኛ ማስተናገድ ነው። የከበደው የመጨረሻው ጥያቄ ነበር። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ደንበኛ ቢገጥምሽ ምን ታደርጊያለሽ አሉኝ።

ሊቁ፦ ምን አልሽ?

ልጅቷ፦ አባዬ ሁሌ ሲያደርግ ያየሁትን ነገርኳቸው። አልከራከረውም፤ በአክብሮት የሚይዘው ነገር እሰጠውና እስኪጨርስ አዳምጠዋለሁ አልኳቸው። ሳቁና ጻፉት።

[ሊቁ በእጃቸው የያዙትን ሶፋ ያያሉ። ሶፋ ሠሪውን ያያሉ። ሶፋ ሠሪው ለመሳቅም ለማዘንም ፈርቶ ስፖንጅ ይነጫል።]

ሊቁ፦ መልሱ ጥሩ ነው። እኔም ብሆን እቀጥርሽ ነበር። ግን አንድ ነገር ጎድሎታል።

ልጅቷ፦ ምን ጎደለው፣ ጋሼ?

ሊቁ፦ መቼ ማውረድ እንደሚችል ይነገረው።